የማርፈድ አንቀጽ እንዴት ተሻሻለ

ሕግ አስተምራችሁ የማታውቁ ሰዎች ፈጣሪያችሁን አመስግኑ። ፊደል ማስተማር ምን አለው! እናንተ "ሀ" ትላላችሁ፣ ልጁ "ሀ" ይላል፤ "ሀ ለምን ሀ ሆነች?" ብሎ የሚሞግታችሁ የለም። ቁጥርም እንደዚያው ነው፤ ሁለትና ሁለት አራት መሆኑ ያስከፋው ተማሪ እስካሁን አልገጠመኝም። ሕግ ግን ሌላ ነው። ገና አንቀጹን አንብባችሁ ሳትጨርሱ "ለምን?" የምትል ጣት ትነሳለች፤ ያቺ ጣት አንዴ ከተነሳች ደግሞ ማን እንደሚያወርዳት አይታወቅም። እኔ ላይ የተነሳችው ጣት አንድ ፊታውራሪንና አንድ የመንግሥት መርማሪን ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ አስጥታ ነው የዋለችው።

ነገሩ የሆነው ከጣልያን ወረራ በፊት፣ ወላይታ ሶዶ ላይ ነው። ሕገ መንግሥት የሚባለው ነገር በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጽፎ የወጣበት ዘመን ነበር። እኔ ያኔ ከአዲስ አበባ የተላክሁ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። ስለ ራሴ ማውራት አልወድም፤ ግን ቁመናዬ ያማረ፣ ድምፄ የሚያስገመግም፣ ጥቂት ፈረንሳይኛም የምሞካክር ሰው እንደነበርኩ ሳልጠቅስ ባልፍ ታሪክ ይጎድላል። ፈረንሳይኛዬን የሚሰማልኝ ሰው ሶዶ ውስጥ ስላልነበረ ለበቅሎዬ ነበር የማወራላት። በቅሎዬም አንድ ቀን ጥላኝ ጠፋች። ያ ግን ሌላ ወሬ ነው።

ትምህርት ቤታችን ዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለ አንድ የእህል ቤት ነበር። ባለቤቱ ፊታውራሪ ናቸው። ስማቸውን ልተወውና፣ አገሩ ሁሉ "ፊታውራሪ" ሲል እሳቸውን ማለቱ ነበር። አባታቸው ከሰሜን ከመጡት ሹማምንት አንዱ ናቸው፤ እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው፣ እዚሁ መሬት ይዘው፣ እዚሁ ወፍረዋል። ቤቱን ሲያውሱን "አዝመራ እስኪደርስ" ብለው ነበር። አዝመራው ሲቃረብ አስጠሩኝና ቁርጡን ነገሩኝ።

"ስማ አስተማሪ፣ ከአዲስ አበባ መርማሪ ይመጣል ተብሏል። ትምህርታችሁን አይቶ ከተደሰተ ቤቱ ለናንተ ይቅር። ካልተደሰተ በቆሎዬን አስገባለሁ። ልጅ ሜዳ ላይም ይማራል፤ በቆሎ ግን ሜዳ ላይ ካደረ ይበሰብሳል።"

ይታያችሁ እንግዲህ! ለነዚያ ልጆች ሌላ የሚገቡበት ቤት አልነበረም። መርማሪው አንዴ ፊቱን ካጨማደደ ትምህርት ቤቱ አበቃለት፤ እኔም ከበቆሎ ጋር ቦታ ተሻምቶ የተሸነፈ የመጀመሪያው አስተማሪ ሆኜ አዲስ አበባ ልገባ ነው።

አንድ ጠዋት ፊቴን እየታጠብኩ ሳለ ሐሳቡ መጣልኝ። ሕገ መንግሥት! በመላው አገር ሌላ አስተማሪ ያላሰበውን እኔ አስተምራለሁ! ፊቴን ሳላደርቅ ወደ ክፍል ሮጥኩ። ከጥንቱ ጀመርኩላቸው። ሕግ በፊት ከአፍ ወደ አፍ የሚሄድ እንደነበረ፣ ኋላም በመጽሐፍ እንደሰፈረ፣ የዛሬው ሕገ መንግሥት ደግሞ መጀመሪያ ረቂቅ ሆኖ መኳንንቱ ዘንድ እንደቀረበ፣ እነሱም ይህ ይውጣ ይህ ይግባ እየተባባሉ እንደመከሩበት ተረክሁላቸው። "ሕግ ይሻሻላል!" ብዬ ጠረጴዛውን ስደበድበው ከማዕዘኑ አይጦች ተነስተው ወጡ። ከድሮው የበቆሎ ዘመን የቀሩ ነባር ነዋሪዎች ነበሩ።

ያቺ ጣት የተነሳችው ያኔ ነው። ላሊሾ የሚባል ተማሪ ነበረኝ፤ ቤታቸው ወደ ሁምቦ በሚያወርደው መንገድ፣ ሩቅ ነው።

"የኔታ፣ የበሩስ ሕግ ይሻሻላል?" አለኝ።

የበሩ ሕግ የሚለው እኔው ጽፌ የትምህርት ቤቱ በር ላይ የለጠፍኩትን ነው። አጭር ነው፦ "ያረፈደ ተማሪ በሩ ይዘጋበታል፤ ደጋግሞ ያረፈደ አለንጋ ይቀምሳል።" ይህን አንቀጽ እንደ ላሊሾ ያጣጣመው ሰው አልነበረም።

ሌላ አስተማሪ ቢሆን ይቆጣ ነበር። እኔ ግን ዘለልኩ፤ በእውነት ከመሬት ተነስቼ ዘለልኩ። ቴአትር እንሠራለን! መርማሪው ሲመጣ ልጆቹ ምክር ቤት ሆነው የማርፈድን አንቀጽ ፊቱ ያሻሽላሉ! ወዲያው ክፍሉን ለሁለት ከፈልኩት፤ ግማሹ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት፣ ግማሹ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት። ለመወሰኛው አባላት ሰሌን ስላነጠፍኩ ሁሉም መወሰኛ ካልሆንኩ ብሎ ተጋፋ። ንጉሠ ነገሥቱን ሆኖ መጫወት ድፍረት ነውና ያለችንን አንዲት ወንበር ለዘውዱ ክብር ባዶዋን አስቀመጥኳት። ማን ምን እንደሚናገር እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት፤ ውሳኔውንም ጭምር። "አለንጋ" የሚለው ወጥቶ "መንበርከክ" የሚለው ይገባል። መጠነኛ ማሻሻያ ናት፤ መንግሥትም የሚወደው እንዲህ ያለችውን ነው።

ለልምምድ ክፍሉ ጠበበን። ከገበያው መንገድ ዳር አንድ ትልቅ ሾላ ነበር፤ ሥሩ ሰፊ፣ ንጹሕ፣ ሣሩ የለመለመ። እንዲህ ያለ ቦታ ከገበያ አጠገብ ባዶውን ሲገኝ፣ ከብት እንኳ ሳይሰማራበት ሲገኝ፣ ጤነኛ ሰው "ለምን ይሆን?" ብሎ ይጠይቃል። እኔ ግን ዕድሌ ነው አልኩ። የገበያ ቀን የመረጥኩትም በብልሃት ነው። በገበያ ቀን ግማሹ ተማሪ ከናቱ ጋር ስለሚሄድ መንገዱ ዳር ብቀመጥ የሚያልፈውን ሁሉ ለቀም አደርጋለሁ ብዬ ነው።

ወንበሯንና ሰሌኑን አስወጥቼ ልጆቹን በክብ አስቀመጥኳቸው። እኔ ስናገር እጄ ሥራ ካላገኘ ቃል አይወጣልኝምና ጎንበስ ብዬ እርጥብ ሣር ነጨሁ፤ ዝንብም አባርርበታለሁ። ሣሩን ከፍ አድርጌ፣ በዚያ በሚያስገመግም ድምፄ ጉባኤውን ከፈትኩ።

"ይህ ሕግ ይሻሻል ወይስ አይሻሻል? ሐሳብ ያለው ሁሉ ይናገር!"

ቦይና የሚሉትን ሥራ ሥር ተሸክሞ የሚያልፍ አንድ ሰው ቆመ። ሸክሙን አወረደና ተቀመጠ። ከኋላው ሁለት ሽማግሎች መጡ፤ እነሱም አዩኝ፣ ተያዩ፣ ተቀመጡ። ከሁምቦ ፍየል የሚነዱት ፍየላቸውን አስረው ተቀመጡ። ከሻንቶ የሚመጡት ተቀመጡ። ምን ልበላችሁ፣ ደስታው ሊገድለኝ ነበር! ሕዝቡ ለሕገ መንግሥት እንዲህ የተጠማ መሆኑን ማን ያውቅ ነበር? ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ ሣሬንም ከፍ አደረግሁ። ሣሩ ከፍ ባለ ቁጥር የሚቀመጠው ሰው ይበዛል።

ጮራሞ የሚባሉ፣ አገሩ የሚሰማቸው አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ወደኔ ዞሩ።

"ሳሮ፣ አስተማሪ። ደህና ነህ?" አሉኝ። "እንግዲህ ተናገር። ማንን በደልክ?"

"እኔ?" አልኩ።

"አንተ። ሣር ይዘህ መጥተሃል። አገር ተቀምጣለች። ተናገር።"

ዙሪያዬን ባይ የማውቀው ሰው ነስሩ ብቻ ነው። ነስሩ ወገኖቹ ከስልጤ የመጡ የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ወላይትኛን እንደ እናቱ ቋንቋ ይናገራል። አቡጀዲ የጫነች አህያውን ይዞ ቆሞ ሳቁን ያፍናል።

"ወንድሜ፣" አለኝ ጠጋ ብሎ፣ "እዚህ ቦታ ማን አስቀመጠህ? ይሄኮ ዱቡሻ ነው። አገሩ የሚመክርበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ቦታ ነው። እዚህ እርጥብ ሣር ይዞ የቆመ ሰው በድሎ ይቅርታ የሚለምን ሰው ነው። አንተ ደግሞ ሣሩን እንደ ባንዲራ ታውለበልበዋለህ። ከባድ ነገር ሠርቷል ብለዋል።"

"ልጣለዋ!"

"ከጣልከውማ ይቅርታውን አልፈልግም ማለትህ ነው። ባትጥለው ይሻልሃል።"

አልጣልኩትም። ይልቅስ አጥብቄ ያዝኩት።

"እሺ፣ ልጆቹን ይዤ ልሂድ፤ ልምምድ ነው በላቸው።"

ነስሩ ነገራቸው። ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ነስሩ መልሱን ሲያመጣልኝ ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ቀንሷል። "ዱቡሻ የመጣ ነገር ሁሉም ሰው እሺ ሳይል አይነሳም ነው የሚሉህ። የተቀመጠ ሰውም እንደዚያው። በመሃል ተነስቶ የሄደ ሰው አገር ይለየዋል፤ ለቅሶውም ደቦውም ላይ ማንም አይደርስለትም።"

በዚህ መሃል ከሰዎቹ ጀርባ አንዲት ሴት ድምፅዋን አሰማች። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ትልቅ ቅቤ ይዛ ገበያ እየሄደች ነው። የላሊሾ እናት ናት። አባቱ ከሞተ ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት፤ ያ ቅቤም የከረመችበት ቅቤ ነው። "በደሉን እኔ ልንገራችሁ?" አለች።

ጉምጉምታ ሆነ። አንዱ ሴት በዱቡሻ አትናገርም አለ። ሌላው አዎ አትናገርም አለ። ሽማግሌው ጮራሞ በትራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አድርገው አሰቡ።

"አስተማሪው ምን ብሏል? 'ሐሳብ ያለው ሁሉ ይናገር' ብሏል። ጉባኤ የጠራው እሱ ነው። 'ሁሉ' ካለ ሁሉ ነው። ነይ፣ ተናገሪ።"

አያችሁ? ገና ምንም ሳንጀምር አንድ ማሻሻያ አለፈ! ፈርቼም ቢሆን ኩራት ቢጤ ሽው አለኝ።

የላሊሾ እናት ቅቤዋን መሬት አስቀመጠችና ነጠላዋን አስተካከለች። "ልጄ አያረፍድም" አለች። "መንገዱ ነው የሚረዝመው። ወፍ ሳይንጫጫ ይነሳል፤ ውሃ ያመጣልኛል፣ ከብቱን ያወጣልኛል፣ ከዚያ ይሮጣል። ሲደርስ አስተማሪው በር ዘግቶበታል። ውጭ ቆሞ በግድግዳው ስንጥቅ እየሰማ ነው ቁጥር የለየው። ጠይቁት!"

ጠየቁት። ላሊሾ ተነስቶ ቁጥሩን ወረደው። ውስጥ ተቀምጠው ከሚማሩት ይበልጥ ያውቃል። እኔ ሥርዓት ስለሚባለው ነገር ታላቅ ንግግር ለማድረግ አፌን ከፈትኩ፤ ሣሩ እጄ ላይ ነበረና መልሼ ዘጋሁት።

ይኸኔ ፊታውራሪ በበቅሎ ብቅ አሉ። ቤታቸው ሰንጋ ጥለው እንግዶቻቸው እየጠበቋቸው ነው። ሰው ተሰብስቦ ሲያዩ ወረዱና ማንንም ሳይጠይቁ ባዶዋ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። ልጆቹ በድንጋጤ "ውይ!" አሉ፤ ለማን እንደተቀመጠች ያውቃሉና። እኔም ይነሱልኝ ማለት አቃተኝ። ፊታውራሪ ነገሩን ሰምተው "በሉ ቶሎ ጨርሱ፣ ሥጋ ይጠብቀኛል" አሉ። ሲቀመጡ ግን ቦታው ዱቡሻ መሆኑን ረስተዋል። የአገሩን ልማድ እዚሁ ተወልደው ያውቁታል፤ ከዱቡሻ ተነስተው ቢሄዱ ያን ሁሉ በቆሎ የሚያጭድላቸው ሰው አይመጣም። ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው ጠቆረ።

ችግር ብቻውን መምጣት አይወድ መሰለኝ፣ በሻንቶ በኩል መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው ጥላ ዘርግቶ በበቅሎ መጣ። መርማሪው ነው! ገና ሰሞኑን ይደርሳል የተባለው መርማሪ! ሰውየው ጉባኤውን አየ፣ ፍየሎቹን አየ፣ ሣር ጨብጬ የቆምኩትን እኔን አየ።

"ምን እየተደረገ ነው?" አለኝ።

"ትምህርት ላይ ነን ጌታዬ!" ብዬ ጮህኩ። "የሕግ ማሻሻል ታሪክ! በተግባር!"

መቀመጫ ስላልነበረ መወሰኛው ምክር ቤት ተጠጋጋለትና ሰሌኑ ላይ ተቀመጠ። ነስሩ ያስተረጉምለት ጀመር። ነጋዴ ነውና ክርክሩን ሁሉ በገበያ ዓይን ነው የሚያየው። አንዱ ሽማግሌ "አለንጋ ይቅር" ሲል ነስሩ "ይሄ የመጀመሪያ ዋጋው ነው፤ ገና ይጨምራል" ይላል። ሌላው "ትንሽ አለንጋስ ለልጅ አይከፋም" ሲል "ይሄ ሊገዛ የመጣ አይመስለኝም፤ ዋጋ ሊጠይቅ ነው" ይላል። መርማሪው ይህን ሁሉ እየሰማ አንገቱን ይነቀንቃል። ደስ ብሎት ይሁን አንገቱን አሞት አላወቅሁም።

ሽማግሌው ጮራሞ ወደ መርማሪው ዞሩ።

"የአዲስ አበባው ሕግ ጥሩ ናት ይላሉ። ሲመከርባት አንተ እዚያ ነበርህ?"

መርማሪው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገር ጀመረ። "አባቴ፣ እኔ ያኔ ወረቀት የምገለብጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ከበሩ ውጭ ነው የነበርኩት። ረቂቁ ይገባል፣ ተሰርዞ ይወጣል፤ እገለብጠዋለሁ፣ ተመልሶ ይገባል። ከውስጥ ሙግቱ ይሰማኛል፤ ማን ምን እንዳለ ግን አላይም። ከተሰረዘው ቃል እየተነሳሁ ምን ተባብለው ይሆን እያልኩ በግምት ነው የተማርኩት።"

"በሩ ተዘግቶ?"

"ተዘግቶ።"

ሽማግሌው ወደ ላሊሾ ዞር አሉ፣ ከዚያም ወደ ሕዝቡ። "እንግዲህ ይሄ ሰውዬም እንደ ላሊሾ ነው" አሉ።

ሳቁ ዳሞታ ድረስ የተሰማ መሰለኝ። አስቀድሞ የሳቀውም መርማሪው ራሱ ነው። ላሊሾን ጠርቶ ሰሌኑ ላይ አጠገቡ አስቀመጠው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ መሮጥ ጀመረ። አለንጋው ይቅር ተባለ። በሩ አይዘጋ ተባለ። ያረፈደ ልጅ ቀስ ብሎ ገብቶ ይቀመጥ፤ ያለፈውን ትምህርት ደግሞ ቀድሞ የመጣ ጓደኛው ይንገረው ተባለ። እኔ ያዘጋጀኋት መንበርከክ የምትባል ማሻሻያ ስሟ እንኳ ሳይነሳ ቀረች። ፊታውራሪ ብቻ ተንገራገሩ። "አለንጋ የሌለበት ትምህርት ቤት! እኔ ተገርፌ አይደል እንዴ ለዚህ የበቃሁት?" ሽማግሌው ጮራሞ ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው። ፊታውራሪም መታየቱ ሲበዛባቸው "ይሁን፣ ይቅር፣ ብቻ እንነሳ" አሉ።

ሽማግሌው በየተራ መጠየቅ ጀመሩ። ሁሉም "ኤ" ይላል፤ እሺ ማለቱ ነው። ፊታውራሪ "ኤ" አሉ፣ ነስሩ "ኤ" አለ፣ መርማሪው ሳይቀር "ኤ" አለ። የላሊሾ እናት ላይ ደረሱ።

"አካይ" አለች።

ወላይትኛ የማያውቅ ሰው እንኳ እንቢ ማለቷ እንደሆነ ከፊቷ ያነበዋል።

"አንቺ ሴት፣" አሉ ፊታውራሪ፣ "የፈለግሽው ሁሉ ሆነልሽ አይደል? ምን ቀረሽ?"

"ሕጉ ያለው በሩ ላይ ነው ጌታ። በሩ የእርስዎ ነው። በቆሎ ሲገባ ሕጉ የት ያድራል? ልጄስ የትኛው በር ነው የሚከፈትለት? ቤቱ የትምህርት ቤት ይሁን፤ ያኔ ኤ እላለሁ።"

ፊታውራሪ ከዘውዱ ወንበር ላይ ብድግ አሉ። "ይህን መርማሪው ነው የሚወስነው! እንዲያ ነው የተባባልነው!"

"መርማሪው ዛሬ መጣ፣ ነገ ይሄዳል" አሉ ሽማግሌው። "ነገሩ ግን እዚህ መጥታለች። እዚሁ ታልቃለች።"

ፊታውራሪ ተመልሰው ተቀመጡ። ዓይናቸው ሴትዮዋ አጠገብ ካለው ቅቤ ላይ ሲያርፍ አየሁ፤ ቀስ ብለው ፈገግ አሉ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። ጥላውን ሰው ሞልቶታል። የቅቤው ቅጠል መርጠብ ጀምሯል።

"ገባህ?" አለኝ ነስሩ። "ገበያው ሊበተን ነው። ቅቤ ገዢ በጠዋት ነው። ትንሽ ከቆየች የከረመችበት ቅቤ ፈሰሰ ማለት ነው። ፊታውራሪ ቅቤውን እየጠበቁት ነው።"

እንዲህ ያለ ጭንቀት አይቼ አላውቅም። ያ ሁሉ ሰው፣ ሽማግሌ፣ ነጋዴ፣ መርማሪ፣ መወሰኛና መምሪያ ምክር ቤት፣ ትንፋሹን ይዞ ቅቤ ያያል። የፊታውራሪ ሆድ ሲጮህ ተሰማ። ከቅጠሉ ጠብ አለ። እንደገና ጠብ አለ። የላሊሾ እናት ቅቤዋን አየች፣ ገበያውን አየች። እጄን ልቤ ላይ አድርጌ "እባክሽ ኤ በይና ሂጂ፣ ለኔ ብለሽ አትክሰሪ" ልላት ነበር። ደግሞ "እባክሽ እንዳትዪ" ልላትም ነበር። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማለት ስላማረኝ አንዱንም ሳልል ቀረሁ።

ሴትዮዋ ቅጠሉን ፈታችው።

"ላሊሾ፣ ና" አለች። ከቅቤው ዛቅ አደረገችና ልጇን አናቱን ቀባችው። ቀጥላ አጠገቡ ያለውን ልጅ ጠራች፣ እሱንም ቀባችው። አንድ በአንድ ምክር ቤቱን በሙሉ ቀባችው። ልጆቹ በፀሐይ አብለጨለጩ። ሁሉንም ስትጨርስ ወደኔ ዞረች።

"አንተም ና፣ አስተማሪ።"

ጎንበስ አልኩላት። የቀረውን ቅቤ አናቴ ላይ አደረገችው፤ በጆሮዬ፣ በአንገቴ፣ ባለችኝ አንዲት ኮት ውስጥ ወረደ። "ይቅር ብያለሁ" አለች። ሽማግሌው ጮራሞ ተነስተው ሣሩን ከእጄ ወሰዱት። ነጫጭ ጥርሴን ለማሳየት ብስቅም ዓይኔ ውስጥ ቅቤ ገብቶ ነበርና አለቀስኩ። ቅቤው ነው ብያለሁ፤ ቅቤው ይሁን።

እሷ ግን አልጨረሰችም። እጇን ሣሩ ላይ ጠረገች፣ ተመልሳ ተቀመጠች፣ እግሯን ዘረጋች።

"አሁን ገበያ የለኝም" አለች ለፊታውራሪ። "እስኪመሽ አለሁ።"

"ጌታዬ፣" አላቸው ነስሩ በአክብሮት፣ "ከዚህ በኋላ ዋጋ የሚወርድ አይመስለኝም።"

ያን ጊዜ የፊታውራሪ አሽከር እያለከለከ ደረሰ። "ጌታዬ፣ እንግዶቹ መጠበቅ አቅቷቸው ጀምረዋል!"

"ምኑን?"

"ሻኛውን።"

ፊታውራሪ ሻኛ ሲባል ከተቀመጡበት እንደተወረወረ ሰው ተነሱ። "እሺ! ኤ! ቤቱም የትምህርት ቤት፣ በሩም የትምህርት ቤት! ልሂድ!" ሕዝቡ በአንድ አፍ "ኤ!" አለ። ሽማግሌው መረቁ። ልጆቹ ጨፈሩ፤ እኔም እንደዚያ በቅቤ እንደራስኩ አብሬያቸው ጨፈርኩ። መርማሪው ጥላውን አጥፎ ተነሳና እጁን ዘረጋልኝ። "ከበሩ ውስጥ ሆኜ ሕግ ሲሻሻል ሳይ የመጀመሪያዬ ነው" አለኝ። እጄን ጨብጦ ስለነበር የሱም እጅ ቅቤ ሆነ።

አዝመራው ገባ። አንድ ጠዋት እያስተማርኩ ሳለ ከውጭ የአህያ ኮቴ ሰማሁ። ብወጣ ፊታውራሪ ናቸው፤ ከኋላቸው በቆሎ የጫኑ አህዮች ተሰልፈዋል። ጎተራቸው ሞልቶ ተርፏቸዋል።

"አስተማሪ፣" አሉኝ እየሳቁ፣ "ቃሌን አላጠፍኩም። ግን አንተው አይደለህም እንዴ ሕግ ይሻሻላል ብለህ ያስተማርከው? ይኸው፣ አሻሽሉልኝ።"

እውነታቸውን ነው! እኔው ነኝ ያስተማርኩት፤ ጠረጴዛ ደብድቤ ነው ያስተማርኩት። አፌን ብከፍት የሚወጣ ቃል አጣሁ፤ ፈረንሳይኛውም አልመጣልኝ አለ።

ላሊሾ በዚያች ሰዓት ከታች እየሮጠ መጣ፤ አርፍዷል፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ በጤዛ ርሷል። ቆመና አህዮቹን አየ፣ ፊታውራሪን አየ። የተባለውን ሰምቷል። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

"ይሻሻላል ጌታዬ። ሽማግሎቹን አሁኑኑ እጠራለሁ። እናቴም ዛሬ ገበያ የላትም" አለ። "ብቻ እርስዎ ምሳዎን በልተው ይምጡ።"

ፊታውራሪ ሾላውን አዩ፣ ፀሐይዋን አዩ። ከዚያ አህዮቹን አዞሩ።